«መቼ አየህ?»፦ በሃርድዌር መግለጫ ቋንቋዎች የእማኝ ቃል ትርታ የሚወሰንበት ሥርዐትና የአማርኛ ስያሜው

1. መግቢያ

የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ዘወትር ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ፣ በባዕዱ ቋንቋ የተለመደ ቃል በሙያው ውስጥ ልዩ ትርጉም ይዞ መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለው ቃል እንግዳ መልክ ስለሌለው ተርጓሚውን አያስጠነቅቀውም፤ የዕለት ተዕለት ፍቺውን እንደያዘ ያልፍና ስሕተቱ የሚታወቀው ጽሑፉ ከባለሙያው እጅ ከገባ በኋላ ነው። «ክሎክ» የተባለው ቃል ከነዚህ አንዱ ነው። ተራው ፍቺ «ሰዓት» ይለዋል፤ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ግን ይህን ቃል ሲናገሩ ሰዓት የሚቈጥር መሣሪያ ማለታቸው አይደለም።

ከዚህም በላይ፣ የኮምፒዩተር ጥቃቅን ሰርኪቶች በሚነደፉባቸው ቋንቋዎች ውስጥ «ይህ ዐረፍተ ነገር በየትኛው ክሎክ ይመዘናል?» የሚል ራሱን የቻለ የሰዋስው ምዕራፍ አለ። ምዕራፉ የተጻፈው ለመሐንዲሶች ቢሆንም፣ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ለቋንቋ ተመራማሪ እንግዳ አይደለም፤ ይኸውም ጊዜው በግልጽ ያልተነገረ ዐረፍተ ነገር ጊዜውን ከየት ያገኛል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ነገሩን እናብራራለን፤ ቀጥሎም ለዋና ዋናዎቹ ጽንሰ ሐሳቦች የአማርኛ ስያሜ እናቀርባለን። ነገሩ ሳይታወቅ ስሙ ሊወጣለት አይችልምና።

2. የቋንቋዎቹ ምንነት

የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ የሚባለው፣ አንድ ሰርኪት ምን እንደሚሠራና ክፍሎቹ እንዴት እንደሚገናኙ በጽሑፍ የሚገለጽበት ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው። ከታወቁት መካከል ቪ.ኤች.ዲ.ኤል. የተባለው በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር አነሣሽነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም ደንብ ቍጥር 1076 ሆነ። ቬሪሎግ የተባለው በ1980ዎቹ ተፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1995 ደንብ ቍጥር 1364 ተብሎ ጸደቀ። ከቬሪሎግ ያደገው ሲስተምቬሪሎግ እ.ኤ.አ. በ2005 በደንብ ቍጥር 1800 ወጣ፤ በ2009 ሁለቱ ተጠቃለው አንድ ደንብ ሆኑ፤ የ2012፣ የ2017 እና የ2023 እትሞችም ተከትለዋል።

እነዚህ ቋንቋዎች ከተራው የፕሮግራም ቋንቋ የሚለዩበት ዐቢይ ነገር አለ። በተራው ፕሮግራም ትእዛዞቹ አንዱ ከሌላው በኋላ በተራ ይፈጸማሉ። በሰርኪት ውስጥ ግን ሁሉም ክፍል በአንድነት ይሠራል፤ ሽቦው ሁሉ በማንኛውም ቅጽበት ዋጋ አለው። ይህ ሁሉ ሥራ እንዳይዘበራረቅ አንድ ምልክት ያለማቋረጥ ከዜሮ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ዜሮ እየተመላለሰ ለሌሎቹ እርምጃ ይሰጣል። ክሎክ የተባለው ይህ ምልክት ነው። የሰርኪቱ መዝጋቢ ክፍሎች አዲስ ዋጋ የሚቀበሉት ይህ ምልክት ሲነሣ ወይም ሲወርድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ለነርሱ ዝምታ ነው።

ንድፉ ከተጻፈ በኋላ ትክክል መሆኑ መመርመር አለበት። ለዚህም ነዳፊው ሰርኪቱ ሊያከብረው የሚገባውን ባሕርይ በዐረፍተ ነገር መልክ ጽፎ ከንድፉ ጎን ያቆመዋል። ለምሳሌ ያህል፣ «ጥያቄ በተነሣ ቍጥር ከሁለት ምት በኋላ ምላሽ ይነሣል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የምርመራው ፕሮግራም ንድፉን እያስኬደ ይህ ቃል መጠበቁን ይከታተላል፤ ሲጣስም ያስታውቃል። በእንግሊዝኛው «አሰርሽን» የሚባለው ይህ ነው።

የዚህ ዐይነቱ ዐረፍተ ነገር የዘር ሐረግ ከሥነ ልሳን የራቀ አይደለም። ኒው ዚላንዳዊው ፈላስፋ አርተር ፕራየር በ1950ዎቹ «ነበረ» እና «ይሆናል» የሚሉትን የግሥ ጊዜያት የሥነ አመክንዮ ስሌት አካል አደረጋቸው። እስራኤላዊው አሚር ፕኑኤሊ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህንኑ የጊዜ ሥነ አመክንዮ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ለመመርመር አዋለው፤ ለዚህና ለተከታዩ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1996 የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። ስለዚህ መሐንዲሱ ዛሬ «ከሁለት ምት በኋላ» ብሎ ሲጽፍ የሚጠቀምበት መሣሪያ ከግሥ ጊዜ ጥናት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

3. «ሰዓት» ስለ ምን አይበቃም

ሰዓት በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገር ነው፦ የቀን አንድ ሃያ አራተኛ ክፍል፣ ይህን የሚያሳይ መሣሪያ፣ እንዲሁም «ሰዓቱ ደረሰ» ስንል እንደሚሰማው የተወሰነ ጊዜ። በሦስቱም ፍቺዎች ውስጥ ቍጥር አለ። ሰዓት ምን ያህል እንዳለፈ ይነግራል።

የሰርኪቱ ክሎክ ግን ስንት እንደሆነ አይናገርም። የሚናገረው «አሁን» የሚለውን ብቻ ነው፤ እርሱንም እየደጋገመ ይናገረዋል። ፍጥነቱ ሊለወጥ፣ ኀይል ለመቈጠብም ሆነ በሌላ ምክንያት ሆን ተብሎ ለጊዜው ሊቆም ይችላል። በአንድ ሰርኪት ውስጥ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ የበለጡ ክሎኮች በየራሳቸው ፍጥነት ሊሠሩ ይችላሉ፤ አንዱ ትክክል፣ ሌላው የተሳሳተ አይባልም። «ሁለት ሰዓቶች የተለያየ ጊዜ ያሳያሉ» የሚለውን አማርኛ የሚሰማ ሰው አንደኛው ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ «ሁለት ልቦች በተለያየ ትርታ ይመታሉ» ቢባል ግን የሚደንቀው ነገር የለም።

ስለሆነም ለክሎክ «ትርታ» የሚለውን ስም እናቀርባለን። ትርታ በልብና በደም ሥር የሚታወቅ፣ የማያቋርጥና የተስተካከለ ተመላላሽ እንቅስቃሴ ነው፤ ሊፈጥን ሊዘገይ፣ ሊቆምም ይችላል፤ ቍጥር አይናገርም። ለያንዳንዱ የትርታ ነጠላ ክሥተት ደግሞ «ምት» የሚለውን እንወስዳለን፤ ይህ በዜማም ሆነ በከበሮ የታወቀ ነው። ስለዚህ ትርታ የምቶች ሰልፍ፣ ምት የትርታ አንድ አባል ይሆናል። ምልክቱ ከዜሮ ወደ አንድ የሚነሣበት «ወጪ ጠርዝ»፣ ከአንድ ወደ ዜሮ የሚመለስበት «ወራጅ ጠርዝ» ቢባሉ «ወጪ ወራጅ» የሚለው ነባር ጥምረት ሁለቱን ለማስታወስ ይረዳል።

መሐንዲሶቻችን በንግግር «ክሎክ» ማለታቸው የታወቀ ነው፤ በንግግር ይህ ችግር የለውም። በመዝገበ ቃላት ግን ከዚሁ ቃል የሚወለዱት ብዙ ናቸው፤ ክሎክ ያለው፣ ክሎክ የሌለው፣ መሪው፣ ነባሪው፣ ከዐውድ የተገኘው ሁሉ ስም ይፈልጋሉ። የአማርኛ ሥር ሲኖራቸው «ባለ ትርታ» እና «ትርታ አልባ» እየተባሉ ያለ ችግር ይራባሉ።

4. «ማረጋገጫ» ወይስ «እማኝ ቃል»

አሰርሽን የተባለውን «ማረጋገጫ» ብሎ መተርጐም ይቀናል። ይህ ግን ውጤቱን ለድርጊቱ ይሰጣል። ማረጋገጫ የምንለው ነገሩ ከተጣራ በኋላ የሚገኘውን ነው፤ አሰርሽን ግን ገና ያልተጣራ፣ ሊጣስም የሚችል ቃል ነው። የሚጣሰው ማረጋገጫ ምን ዐይነት ማረጋገጫ ነው?

በምትኩ «እማኝ ቃል» የሚለውን እናቀርባለን። እማኝ ከድርጊቱ ጎን ቆሞ የሚመለከት፣ ያየውንም የሚመሰክር ሰው ነው። ይህ ቃልም ከንድፉ ጎን ቆሞ ይመለከታል እንጂ በሥራው ውስጥ አይገባም። ስያሜው ሌላም ጥቅም አለው። እማኝ ሲቀርብ ዳኛ በመጀመሪያ ከሚጠይቀው አንዱ «መቼ አየህ?» የሚለው ነው። ጊዜውን ያልተናገረ ምስክር ቃሉ አይጸናም። በሃርድዌር መግለጫ ቋንቋም እንዲሁ ነው፤ እማኝ ቃል ያለ ትርታ አይጸናም።

በሲስተምቬሪሎግ ሁለት ዐይነት ዋና ዋና እማኝ ቃላት አሉ። «ቅጽበታዊ» የምንለው እንደ ተራ ትእዛዝ ተራው ሲደርስ ወዲያው የሚመዘን ነው፤ ትርታ አይሻም። «ተጓዳኝ» የምንለው ግን በብዙ ምቶች ላይ የተዘረጋ ሆኖ ከንድፉ ጎን ለጎን የሚጓዝ ነው፤ የትርታ ጥያቄ የሚነሣው በዚህኛው ነው። ተጓዳኙ እማኝ የሚያየው በየምቱ ብቻ ነው፤ የሚያየውም ምቱ በሚመታበት ቅጽበት ሊለወጥ ያለውን ሳይሆን፣ ከለውጡ በፊት የነበረውን ዋጋ ነው። ይህም «ናሙና ዋጋ» ይባላል። አንድ ምልክት ከምቱ ጋር አብሮ ቢነሣ፣ እማኙ በዚያ ምት ገና እንዳልተነሣ ይቈጥረዋል፤ መነሣቱን የሚያየው በሚቀጥለው ምት ነው።

እንግዲህ «ከሁለት ምት በኋላ» የሚለው ሐረግ ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ በትርታው ላይ የተመሠረተ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ትርታው 100 ሜጋኸርዝ ከሆነ አንድ ምት ከሌላው በ10 ናኖሰከንድ ይራራቃልና ሁለት ምት 20 ናኖሰከንድ ነው። ትርታው 25 ሜጋኸርዝ ከሆነ ግን ያው ሐረግ 80 ናኖሰከንድ ይሆናል። ፊደሉ አልተለወጠም፤ ትርጉሙ ግን ተለውጧል። «ነገ» እና «ዛሬ» እንደሚባሉት ጠቋሚ ቃላት፣ ተናጋሪው የቆመበት ካልታወቀ ፍቺው አይታወቅም።

5. ትርታው የሚገኝባቸው መንገዶች

አዲስ አበባ ያለ ሰው «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ቢል ሰሚው ከፀሐይ መውጫ ወይም መጥለቂያ የሚጀምረውን አቆጣጠር ይወስዳል፤ ጠዋት ይሁን ማታ ደግሞ ከነገሩ አኳኋን ይረዳል። በአውሮፕላን ቲኬት ላይ 2 ሰዓት የሚል ሲያነብ ግን ያው ሰው ከሌሊቱ ስምንት መሆኑን ያውቃል። በውጭ አገር ያለ ዘመዱ በስልክ ቀጠሮ ሲሰጠው ደግሞ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ? በናንተ ነው በኛ?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ውስጥ ሦስት መንገዶች አሉ፦ በግልጽ መናገር፣ ከዐውድ መረዳት፣ ልማድን መከተል። የሲስተምቬሪሎግ ደንብም በመሠረቱ እነዚሁን ሦስቱን መንገዶች ነው በሕግ ያስቀመጠው።

ሀ/ ግልጽ ትርታ። ጸሐፊው ከዐረፍተ ነገሩ ፊት «@» የተባለውን ምልክት አስቀምጦ ትርታውንና ጠርዙን ይጠራል። ይህን በራሱ በእማኝ ቃሉ ላይ ሊጽፈው፣ ወይም እማኝ ቃሉ በሚጠራው ባሕርይ ወይም ቅደም ተከተል ውስጥ አስቀድሞ ሊያስቀምጠው ይችላል። የትርታ ክፍል የሚባል ልዩ ክልል ደግሞ አለ፤ በዚያ ውስጥ የተነገረ ባሕርይ የክልሉን ትርታ ይወርሳል፤ በውስጡም ሌላ ትርታ በግልጽ መጥራት አይፈቀድለትም።

ለ/ ከዐውድ የተገኘ ትርታ። እማኝ ቃሉ ትርታ ሳይጠራ በአንድ የአሠራር ክፍል ውስጥ ከተጻፈ፣ ክፍሉን የሚቀሰቅሰው ትርታ ለእማኝ ቃሉም ይሆናል። «በትርታ ወጪ ጠርዝ ይህን ይህን ሥራ» በሚል ክፍል መካከል የቆመ እማኝ፣ እርሱም በዚያው ወጪ ጠርዝ ያያል።

ሐ/ ነባሪ ትርታ። በአንድ የንድፍ ክፍል ውስጥ «ሌላ ካልተነገረ ይህ ይሁን» ተብሎ አንድ ትርታ ሊታወጅ ይችላል። ከላይ ባሉት በሁለቱ መንገዶች ትርታ ያላገኘ እማኝ ቃል ይህን ይወስዳል።

የቅድሚያው ሥርዐት ግልጽ ነው። በግልጽ የተጠራው ከዐውድ የተገኘውን ይሽራል፤ ከዐውድ የተገኘው ነባሪውን ይሽራል። ከሦስቱ አንዱም ባይገኝ ጽሑፉ ሕገ ወጥ ነው፤ ፕሮግራሙ አይቀበለውም።

ስለ ነባሪው ትርታ አንድ ነገር መታከል አለበት። ነባሪው የሚሠራው በእማኝ ቃል ላይ እንጂ፣ ብቻውን በታወጀ ባሕርይ ወይም ቅደም ተከተል ላይ አይደለም። ያለ ትርታ የታወጀ ባሕርይ ትርታ አልባ ሆኖ ይቆያል፤ ትርታ የሚያገኘው አንድ እማኝ ቃል ሲጠራው ነው። ለዚህ ነገር የአማርኛ ሰዋስው ስም ያዘጋጀለት ይመስላል። «በልቶ»፣ «ጠጥቶ» የሚሉትን ሰዋስዋችን ቦዝ አንቀጽ ይላቸዋል፤ የራሳቸው ጊዜ የላቸውምና። «በልቶ ጠጥቶ ተኛ» ስንል ኀላፊ፣ «በልቶ ጠጥቶ ይተኛል» ስንል ትንቢት ይሆናሉ፤ ጊዜውን የሚሰጣቸው ማሰሪያ አንቀጹ ነው። ስለዚህ ትርታ ሳይሰጠው የታወጀውን «ቦዝ ባሕርይ» ብንለው፣ ሥራ ፈትቶ የቆመ፣ ማሰሪያ የሚጠብቅ መሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

6. ዐውድ የሚነበብበት ሕግ

ከሦስቱ መንገዶች አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው፤ ዐውድ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ አይናገርምና። አንድ የአሠራር ክፍል «በትርታ ወጪ ጠርዝ ወይም በዳግም ማስጀመሪያ ወራጅ ጠርዝ» ተብሎ ቢጀምር፣ ሁለት ቀስቃሾች አሉት። እማኙ የትኛውን ይከተል?

የ2005ቱ ደንብ መልስ በሥፍራ ላይ የተመሠረተ ነበር፦ ትርታው በቀስቃሾቹ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አለበት፤ በክፍሉ አካል ውስጥም በሌላ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ከ2009 ወዲህ የሥፍራው ግዴታ ቀርቶ አገልግሎቱ ብቻ ይመረመራል። ክፍሉ አንድ የመጠበቂያ ነጥብ ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ ከቀስቃሾቹም መካከል በክፍሉ አካል ውስጥ እንደ ተራ ዋጋ የማይነበበው አንድ ብቻ ከሆነ ትርታው እርሱ ነው። በምሳሌያችን ዳግም ማስጀመሪያው «ዳግም ማስጀመሪያ ዜሮ ከሆነ ሁሉን አጥፋ» በሚል ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይነበባል፤ ትርታው ግን የትም አይነበብም። ስለዚህ ትርታው ተለየ። ሁለቱም ባይነበቡ፣ ወይም ሁለቱም ቢነበቡ፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር ስለሌለ ከዐውድ የሚገኝ ትርታ የለም፤ ጉዳዩ ወደ ነባሪው ይተላለፋል፤ ነባሪ ከሌለም ስሕተት ይሆናል።

ይህ ለውጥ በቋንቋ ጥናት ዓይን ሲታይ ትርጉም ያለው ነው። የመጀመሪያው ደንብ ቃላት በቅደም ተከተላቸው ሙያቸው እንደሚለይባቸው ቋንቋዎች ነበር፤ ሁለተኛው ግን ሥፍራው ቢለዋወጥም ሙያው በሌላ ምልክት እንደሚታወቅባቸው ነው። በአማርኛ «ውሻውን ልጁ መታው» እና «ልጁ ውሻውን መታው» ብንል መቺው አይለወጥም፤ «ን» ትነግረናለችና። ትርታውን የሚለየው «ን» ደግሞ በክፍሉ አካል ውስጥ አለመነበቡ ነው። ተርጓሚ የቆየ መጽሐፍ ሲመልስ የትኛው ደንብ እንደ ተከተለ መለየት ይኖርበታል፤ «መጀመሪያ የተጻፈው» የሚለውን ሐረግ ለዛሬው ሕግ ቢጠቀምበት አንባቢውን ያሳስታል።

7. የትርታ ፍሰት

አንድ እማኝ ቃል ከአንድ በላይ ትርታ ሊኖረው ይችላል፤ ጥያቄው ከአንድ የሰርኪት ክልል፣ ምላሹ ከሌላው ሲመጣ እንዲህ ይሆናል። «@ ሀ ጥያቄ፣ ቀጥሎ @ ለ ምላሽ» ቢባል፣ ጥያቄው በትርታ ሀ ምት ይታያል፤ ከዚያ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያው የትርታ ለ ምት ምላሹ ይታያል። በእንዲህ ያለው ቃል ውስጥ የመጀመሪያው «መሪ ትርታ» ይባላል፤ ለያንዳንዱም ተጓዳኝ እማኝ ቃል መሪ ትርታው አንድና የማያሻማ ሊሆን ይገባል።

ትርታ በየቃሉ ፊት እንዳይደጋገም ደንቡ «የትርታ ፍሰት» የሚባል ሥርዐት አበጀ። አንድ ጊዜ የተጠራ ትርታ ከግራ ወደ ቀኝ ይፈሳል፤ ሌላ ትርታ እስኪተካው ድረስ የሚያገኘውን ሁሉ ይገዛል። ዐረፍተ ነገሩ «እና»፣ «ወይም» በመሰሉ አያያዦች ሲከፈል ለየቅርንጫፉ ይዳረሳል። ወደ ቅንፍ ውስጥም ይገባል፤ በቅንፍ ውስጥ የተጠራ ትርታ ግን ከቅንፉ አይወጣም። በስም የተጠራ ባሕርይም እንደ ቅንፍ ነው፤ የውጭው ይገባበታል፣ የራሱ አይወጣም። ሁለት ትርታዎች ተከታትለው ቢጠሩ የመጀመሪያው ወዲያው ይሻራል። እማኝ ቃሉን በመካከል የሚያቋርጠው «የመሻሪያ ሁኔታ» ግን ከዚህ ፍሰት ውጭ ነው፤ ምት ሳይጠብቅ በማንኛውም ቅጽበት ይሠራል።

እዚህ ላይ ተርጓሚው የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። ከላይ ቦዝ አንቀጽን ስናነሣ እንደታየው በአማርኛ ጊዜ የሚታሰረው በመጨረሻ ነው፤ ከማሰሪያው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሲስተምቬሪሎግ ግን ከመጀመሪያው ተነሥቶ ወደ ፊት ይፈሳል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ ሥርዐት ስንጽፍ «ጥያቄ ተነሥቶ ምላሽ በትርታ ለ ይነሣል» ብንል፣ አማርኛ አንባቢ «በትርታ ለ» የሚለው ጥያቄውንም የሚገዛ ሊመስለው ይችላል፤ በምንጩ ግን የሚገዛው ምላሹን ብቻ ነው። መፍትሔው ትርታውን ከየክፍሉ ፊት በግልጽ መድገም ነው፦ «በትርታ ሀ ጥያቄ ከተነሣ፣ በትርታ ለ ምላሽ ይነሣል»። ምንጩ ለማሳጠር የተወውን ትርጉሙ ለጥራት ሲል መመለስ ይኖርበታል።

8. የሌላው ቋንቋ ልማድ

ሕጉ በሁሉም ቋንቋዎች አንድ አይደለም። ባሕርይን ለመግለጽ ብቻ የተበጀው ፒ.ኤስ.ኤል. የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2005 ደንብ ቍጥር 1850 ሆኖ ጸደቀ፤ በ2008 ደግሞ የቪ.ኤች.ዲ.ኤል. አካል ተደረገ። በፒ.ኤስ.ኤል. እንደዚሁ ግልጽና ነባሪ ትርታ አለ። ሁለቱም በሌሉበት ግን ዐረፍተ ነገሩ አይጣልም፤ ትርታው «ሁልጊዜ እውነት» እንደሆነ ይቈጠራል፤ ማለትም የምርመራው መሣሪያ የሚያውቀው እያንዳንዱ ቅጽበት ምት ይሆናል።

የሁለቱን ልዩነት እንዲህ ማየት ይቻላል። ሲስተምቬሪሎግ «መቼ አየህ?» ተብሎ መልስ ያጣውን ምስክር ከችሎት ያስወጣዋል። ፒ.ኤስ.ኤል. ግን «እንግዲያው ዓይንህን ሳትከድን አይተሃል» ብሎ ይቀበለዋል። ስለሆነም «ትርታ አልባ» የሚለው ስያሜ በአንዱ ቋንቋ ስሕተትን፣ በሌላው የታወቀ ፍቺን ያመለክታልና፣ በመዝገበ ቃላት ሁለት የተለያዩ ማብራሪያዎች ሊሰጡት ይገባል።

9. ስሕተቱ የሚያስከትለው

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ በተሳሳተ ትርታ የቆመ እማኝ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በመጮኽ ሳይሆን ዝም በማለት ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ያህል ነዳፊው «ትርታው በቆመበት ጊዜ ውጤቱ አይለወጥም» የሚል እማኝ ቃል ጽፎ፣ መሪ ትርታውን ያንኑ የሚቆመውን ትርታ ቢያደርገው ምን ይሆናል? ትርታው ሲቆም ምት የለም፤ ምት ከሌለ እማኙ አያይም፤ ካላየ ጥሰት አይናገርም። በምርመራው መዝገብ ላይ አንድም ስሕተት አይመዘገብም። ነዳፊው ቃሉ ተጠብቋል ብሎ ያምናል፤ በእውነቱ ግን አንድ ጊዜም አልተመረመረም። እንዲህ ያለው እማኝ ሌላ፣ ምንጊዜም የማይቆም ትርታ ሊሰጠው ይገባል።

ይህን የመሰለው ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ሲጻፍ «ሰዓቱ ሲቆም» ከተባለ አንባቢው ሰዓት መቆሙ ብልሽት ነው ብሎ ይረዳዋል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ ይጠፋበታል። «ማረጋገጫው ዝም ካለ» ከተባለ ደግሞ ነገሩ ተረጋግጧል ብሎ ሊያርፍ ይችላል። «ትርታው ሲቆም እማኙ አያይም» ሲባል ግን አደጋው በቃሉ ውስጥ አለ። የስያሜ ጥራት የቋንቋ ውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

10. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ክሎክ፦ ትርታ። ለሌሎች ምልክቶች እርምጃ የሚሰጥ ተመላላሽ ምልክት።
ክሎክ ቲክ፦ ምት። የትርታው አንድ ክሥተት።
ፖዝኤጅ፣ ኔግኤጅ፦ ወጪ ጠርዝ፣ ወራጅ ጠርዝ።
አሰርሽን፦ እማኝ ቃል። ቅጽበታዊና ተጓዳኝ ተብሎ ይከፈላል።
ፕሮፐርቲ፣ ሲኩዌንስ፦ ባሕርይ፣ ቅደም ተከተል።
ሳምፕልድ ቫልዩ፦ ናሙና ዋጋ። ከምቱ ለውጥ በፊት የነበረው።
ክሎክ ሬዞሉሽን፦ የትርታ አወሳሰን። «ፍቺ» ወይም «ጥራት» የሚሉት የዚሁ ቃል ሌሎች ትርጉሞች እዚህ አይገቡም።
ዲፎልት ክሎክ፦ ነባሪ ትርታ። «ነባር» ቢባል «አሮጌ» የሚል ፍቺ ስለሚያመጣ «ነባሪ» ተመርጧል፤ በኮምፒዩተር አማርኛም ተለምዷል።
ኢንፈርድ ክሎክ፦ ከዐውድ የተገኘ ትርታ። «የተገመተ» አይባልም፤ የሚገኘው በሕግ ነው እንጂ በግምት አይደለም።
ሊዲንግ ክሎክ፦ መሪ ትርታ።
ክሎክ ፍሎው፦ የትርታ ፍሰት።
አንክሎክድ ፕሮፐርቲ፦ ቦዝ ባሕርይ፤ ያለ ትርታ ለቀረው ዐረፍተ ነገር በጠቅላላው ትርታ አልባ።

ከነዚህ ውስጥ «እማኝ ቃል» እና «ቦዝ ባሕርይ» የሚሉት አዲስ ስለሆኑ ተቃውሞ ሊያስነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ለአንዳንዱ ከችሎት አዳራሽ ያልወጣ፣ ሁለተኛው ከሰዋስው መማሪያ ያልወጣ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱም አንባቢው አስቀድሞ ከሚያውቀው ሥርዐት የተወሰዱ በመሆናቸው፣ ከስማቸው ጋር የሥራቸውን ሕግ ይዘው ይመጣሉ። እማኝ ጊዜውን መናገር አለበት፤ ቦዝ ያለ ማሰሪያ አይቆምም። ከዚህ የተሻለ የሚያቀርብ ባለሙያ ቢኖር የስያሜው መመዘኛ ይኸው ሊሆን ይገባል፦ ቃሉን የሰማ ሰው ሕጉን ሳይነገረው ግማሹን ሊያውቅ ይችላልን?